ደብረ ብርሃን ተሞልቶ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ጋዝ

ኅዳር ነው፤ ገና ሊነጋጋ ሲል። ደብረ ብርሃን ሣሩን ውርጭ አልብሶታል። አንድ ልጅ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄደውን የመኪና ታንክ ፕሮፔን የሚባለውን ፈሳሽ ጋዝ እየሞላ ነበር። የመለኪያውን (የጌጁን) መስታወት በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ጋሼ፣ ገና 92 በመቶ ነው፤ ግፊቱም ዝቅ ያለ ነው። ሌላ ትንሽ ይይዛል» አለኝ። ፓምፑን አስጠፋሁት።

ይሄን ስህተት ስንት ጊዜ አየሁት! ፈሳሽ ጋዝ እንደ ውሃ አይደለም፤ ሲሞቅ በደንብ ያብጣል። በ5 ዲግሪ የተሞላ ፕሮፔን 35 ዲግሪ ሲደርስ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። እስቲ 92 ላይ ደምሩት። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ጣርማበርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። ጋዙ ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም። ታንኩ በፈሳሽ ጢም ካለ ከዚያ በኋላ ግፊቱ በየዲግሪው በብዙ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይዘላል። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣው ፈሳሹ ራሱ ነው፤ 1 ሊትሩ ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ያለበት ይደርሳል። 80 በመቶ ላይ አቁሙ የምንለው ለዚህ ነው። ባዶ የምትተዉት ቦታ የባከነ አይደለም፤ የሹፌሩ ሕይወት ነው።

ግፊቱን አይቶ መጠን መገመትም ይቅር። ሩቡ የቀረው ታንክና ሊሞላ የደረሰ ታንክ ሙቀታቸው እኩል ከሆነ ግፊታቸውም እኩል ነው።

ሊትርና ኪሎ አታምታቱ። የ10,000 ሊትር ታንክ 80 በመቶው 8,000 ሊትር ነው፤ 8,000 ኪሎ አይደለም። ፕሮፔን በ15 ዲግሪ ሊትሩ 0.51 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 4,080 ኪሎ ይሆናል። ሌላው ፈሳሽ ጋዝ ቡቴን 0.58 ነው፤ 4,640 ኪሎ ይይዛል። በቡቴኑ ሒሳብ ፕሮፔን ከሞላችሁ 91 በመቶ ገባችሁ ማለት ነው። ከመሙላታችሁ በፊት የመጣው ጋዝ ምን እንደሆነ ወረቀቱን እዩ።

የመጨረሻውን እኔም ተሳስቼዋለሁ። እንደ በርሜል የተጋደመ ታንክ ነበር፤ የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር። 80 በመቶ ለማግኘት ከሥር 1.60 ሜትር ለካሁና ሞላሁ። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ከካርቶን ላይ ክብ ቆርጦ አመጣ። አራት አምስተኛው ከፍታ ላይ መስመር አሰመረና «ልጄ፣ ከመስመሩ በላይ የቀረው አንድ አምስተኛ እንኳ ይሞላል?» አለኝ። እውነትም የቀረው 14 በመቶ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን 86 በመቶ ሞልቻለሁ። ትክክለኛው ከፍታ 1.49 ሜትር ገደማ ነው። ትርፉን ወደ ቦቴው መልሰን ሳንጨርስ ምሳ አልበላንም።