የጨጓራ መድኃኒት ያልመለሰው ሕመም፦ የሐሞት ጠጠር ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ከምግብ በኋላ የሚነሣ ጨምዳጅ ሕመም

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከእንብርት በላይ የተሰማ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ «ጨጓራ» ይባላል። ታማሚው ተልባና አብሽ ይጠጣል፤ ካልተሻለው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛል። ሕመሙ ግን ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ተነሥቶ፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ጨምድዶ በመያዝ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ እየዘለቀ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ የሚለቅ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት የሐሞት ከረጢት ነው። የፋሲካ ወይም የኢድ ዕለት ማታ ቢቀሰቀስ አያስገርምም፤ ቅባት ሲበላ ከረጢቱ ስለሚኮማተር ጠጠሩ ያን ጊዜ በከረጢቱ አንገት ላይ ሊወተፍ ይችላል። ጠጠሩ ግን የዚያን ቀን ምግብ የፈጠረው ሳይሆን ቀድሞ የነበረ ነው።

ምክንያት

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ገደማ ሐሞት ያመነጫል። ከረጢቱ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ውሃውን እየመጠጠ ሐሞቱን ያወፍረዋል። ኮሌስትሮል በውሃ አይሟሟም፤ ሳይዘቅጥ የሚቆየው የሐሞት ጨዎችና ሌሲቲን የተባለው ቅባት አቅፈው ስለሚይዙት ነው። መጠኑ ከእነዚህ አቅም ሲያልፍ ወደ ጠጣርነት ይቀየራል ተብሎ ማብራሪያው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ሐሞታቸው ከአቅሙ በላይ ኮሌስትሮል ተሸክሞም ጠጠር የማይሠራባቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች አሉና።

ነገሩን ማር ያስረዳል። ማር ውሃው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ስኳር የተሸከመ ፈሳሽ በመሆኑ በደሴ ብርድ ይረጋል፤ ነገር ግን በደንብ የተጣራው ሰፈፍና የአበባ ብናኝ ካለበት ማር ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚረጋው፣ የስኳሩ ቅንጣት ተጠግቶ የሚያድግበት መነሻ ስለሚያጣ። በሰውነት ውስጥ የደሴ ብርድ ባይኖርም መነሻው አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሁለት ወገን ሰዎችን ሐሞት አጣርቶ ሲያቆይ፣ የጠጠር ታማሚዎቹ በአማካይ በ3 ቀን ገደማ፣ የሌሎቹ ግን በ15 ቀን ገደማ ክሪስታል፣ ማለትም የረጋ የኮሌስትሮል ቅንጣት፣ አሳይቷል፤ የኮሌስትሮሉ ሙሌት ብቻውን ልዩነቱን አላብራራም። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ፕሮቲኖች ዞረ።

ቀዳሚው ሙሲን ነው። የከረጢቱ ግድግዳ የሚያመነጨው ይህ ፕሮቲን እንደ ራሰ ተልባ ዝልግልግ ሆኖ ኮሌስትሮሉን ያጠምዳል፤ በላዩ የበቀሉትንም ክሪስታሎች አጣብቆ ከሐሞቱ ጋር ታጥበው እንዳይወጡ ያግዳል። በሽታ ተከላካዩን ኢሚውኖግሎቡሊንን የመሳሰሉ ሌሎች ፕሮቲኖችም በቤተ ሙከራ ክሪስታሉን ሲያፋጥኑ፣ አፖሊፖፕሮቲን ኤ-1 የተባለው ቅባት ተሸካሚ ፕሮቲን በተቃራኒው ሲያዘገየው ታይቷል፤ በሕያው ሰው ላይ ያላቸው ድርሻ ግን እንደ ሙሲኑ አልጸናም፣ ያከራክራል። በእርግዝና ወይም ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ከረጢቱ ስለሚሰንፍ፣ ሐሞቱና ሙሲኑ አብረው ይከርማሉ።

መፍትሄ

ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ የሆድ አልትራሳውንድ መነሣት ይቀድማል፤ ከረጢቱ ሞልቶ ካልታየ ጠጠሩ ሊያመልጥ ይችላል። ሕመም የሚያመጣ ጠጠር ሲገኝ ሐኪሙ የሚመክረው አብዛኛውን ጊዜ ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው፤ ይህም ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራ ሊሠራ ይችላል። «ጠጠሩ ብቻ ወጥቶ ከረጢቱ ለምን አይቀርም?» የሚል ሰው መልሱን ከላይ አግኝቶታል፤ ሙሲን የሚያመነጨው ግድግዳ ባለበት ጠጠሩ ሊመለስ ይችላል። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለው እንክብል ካልሲየም ያልያዘውን ትንሽ የኮሌስትሮል ጠጠር በወራት ሊያሟሟ ቢችልም፣ መድኃኒቱ ሲቆም በብዙዎች ላይ ጠጠሩ ተመልሷል። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው ከሰገራ ጋር ያዩት አረንጓዴ እንክብል በአንጀት ውስጥ የተሠራ የዘይት ሳሙና እንጂ ጠጠር አይደለም። አስፕሪን ኮሌስትሮል በተቀለቡ ፕሬሪ ዶግ የተባሉ የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳት ላይ ሙሲንን ቀንሶ ጠጠርን ቢከላከልም፣ በዚህ ተነሥቶ አስፕሪን መዋጥ ጨጓራን ማቁሰል ይሆናል።

ችግር፦ አልትራሳውንዱ ያሳየው ዝቃጭ ብቻ ነው፤ ወይም ጠጠር አለ፣ ሕመም የለም

ዝቃጩ ሙሲን፣ የኮሌስትሮል ክሪስታልና ሌላም የተደባለቀበት ነው። ከወሊድ በኋላ፣ ወይም ሴፍትሪያክሶን የተባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሲቆም፣ በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል በድጋሚ መታየት ይበቃዋል። ሕመም የሌለው ጠጠርም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።

ችግር፦ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሽንት ጠቁሯል

ይህን በአካባቢያችን «የወፍ በሽታ» ብሎ ወደ ባህል ሐኪም መውሰድ የተለመደ ነው። የጉበት ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከከረጢቱ ያመለጠ ጠጠር ዋናውን የሐሞት ቱቦ ሲዘጋም ያው ቢጫነት ይመጣል፣ ሰገራም ይነጣል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት የተዘጋው ሐሞት ተመርዟል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ወይም ሕመሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ትውከቱ ካላቆመ ቆሽት ሊቆጣ ስለሚችል፣ ታማሚው እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ አለበት።