ያገለገለ የመስክ መኪና ሲገዛ የሞተር ብሎክ ስንጥቅን መለየት

ሱሉልታ ወይም ሰበታ አካባቢ ያገለገለ ላንድክሩዘር ለማየት ስትሄዱ፣ ባለቤቱ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው አደራ በሉት፤ ሞቆ የሚጠብቃችሁ ሞተር ብዙ ምልክት ይደብቃል።

በቀዘቀዘው ሞተር ላይ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን እዩ። የዘይት መለኪያውን ስትመዙት ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ሞተሩ ተነሥቶ ከራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ይሁን እንጂ በብሎኩ (ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ ዋና አካል) እና ከላዩ በሚታሰረው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ማለትም የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ቢበላም ሆነ ቴስታታው ራሱ ቢሰነጠቅ ይህንኑ ስለሚያሳይ፣ ቴስታታው ሳይወርድ በብሎኩ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ችኮላ ነው።

ቀጥሎ የብሎኩን ጎንና ጎን በባትሪ እያበራችሁ መርምሩ። አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ በጥፍራችሁ ፋቁት፤ ከሥሩ የደረቀ ማጣበቂያ ወይም የብየዳ ጠባሳ ከወጣ፣ ዋጋው ምንም ቢቀንስ እኔ አልገዛውም።

ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትነዱት ውሃ ቢያጎድል ወዲያው በብሎኩ አትፍረዱ። ከእንጦጦ ዝቅ ባለው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንኳ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ብቻውን ውሃ ያስገነፍላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይራችሁ ድገሙት።

ጥርጣሬው ከጸና ሞተሩ ተፈትቶ ሞተር ወደሚታደስበት ወርክሾፕ ይወሰድ። በዚያ የብሎኩ የውሃ መንገዶች ተደፍነው አየር በግፊት ይሞላባቸዋል፤ ብሎኩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከርም ስንጥቁ ያለበት ቦታ አረፋ ያወጣል።