በጋ እሳት፣ ክረምት ጎርፍ፦ ተራራ ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የአካባቢው ሕዝብ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ ከገደል ገደል ተሯሯጠ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥተው አገዙ። የዋልያና የጭላዳ መኖሪያ የሆነው ያ ተራራ ዳግም እንደዚያ እንዳይሆን የሚከተሉትን ስህተቶች ማወቅ ይገባናል።

ነበልባሉ ሲጠፋ እሳቱ ጠፋ ማለት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በስሜን ጠፋ የተባለው እሳት ተመልሶ ተነሥቷል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ላዩ ነድዶ ሲያበቃ ጉቶውና ሥሩ አፈር ውስጥ ረመጥ ይዞ ይቆያል፤ ከቀናት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ትንታጉ ደረቁ የጓሳ ሣር ላይ ያርፋል። አፈር አልብሶ መሄድም አይበቃም። የተዳፈነ እሳት ሌሊቱን እንደሚያድር እናቶቻችን ከምድጃቸው ያውቁታል። ስለዚህ ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ ከመበተኑ በፊት ተረኛ ይመደብ። ተረኛው የተቃጠለውን ጠርዝ እየዞረ፣ ጉቶውን እየቆፈረ፣ ሙቀቱን በእጁ ጀርባ እየፈተነ፣ ውኃ እያፈሰሰና እያማሰለ፣ ፍሙ እስኪበርድ ድረስ ለቀናት መቆየት አለበት።

ከእሳቱ በላይ፣ ዳገት ላይ ቆሞ መጋፈጥ። ይህ ሕይወት ያስከፍላል። ዳገት የሚወጣ እሳት ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ በሙቀቱ ስለሚያደርቀው ከሰው ሩጫ ይፈጥናል። ከተቃጠለው በኩል ተነሥቶ ጎን ጎኑን ማጥፋት ይሻላል፤ መሸሻውም አስቀድሞ ይታወቅ።

ጭስ እስኪታይ መጠበቅ። የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠረገው በጥቅምትና በኅዳር፣ ሣሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ ነው። ጥሪውም እንዲሁ ቀድሞ ይደራጅ። ዕድር አለን፤ ጥሩምባ ነፊ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው። ለቀብር ሳይውል ሳያድር የሚሰበሰብ ሕዝብ፣ ማን አካፋ፣ ማን ጀሪካን፣ ማን ስንቅ እንደሚይዝ በበጋው መግቢያ ቢነገረው ለእሳትም እንዲሁ ይደርሳል።

ነዋሪውን እንደ ጥፋተኛ ቆጥሮ ማግለል። ንብ የሚያጨስ ማር ቆራጭ፣ ከሰል የሚያከስል ሰው እሳት እንደሚያስነሣ አልክድም። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝን ጓሳ ምድር ተመልከቱ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነዋሪው ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እያጨደ ጠብቆታል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አለ። የጓሳው ሣር ለቤቱ ክዳን የሚሆነው ሰው ጭስ ሲያይ ማንም ሳይጠራው ይሮጣል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ተራራውን መርሳት። በሚያዝያ ሣሩን ያጣ ቁልቁለት በሐምሌ ዝናቡን አይይዝም። የተራቆተ ተራራ ምን እንደሚያወርድ ድሬዳዋ አይታለች፤ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ከሐረርጌ ደጋ የተነሣው ጎርፍ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ ገብቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በእሳቱና በክረምቱ መካከል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ስለዚህ ውድ ናቸው። አስታ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት ካልጋጠው ማለት ነው። በባዶው ቦታ ባሕር ዛፍ ለመትከል መቸኮልም አይገባም፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከሥሩም አፈር የሚይዝ ሣር እምብዛም አያበቅልም። ይልቅ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይታሰር፤ ከመንደሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ በቦረቦሩ አፍ ላይ ቤት ያለው ሰው ሌሊት ዝናብ ሲበረታ የሚጠጋበት ዘመድ ወይም ጎረቤት ከወዲሁ ይታወቅ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ክትሩን ዞሮ ማየትና የተናደውን በዚያው ቀን መጠገን ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ዝናብ ፋታ አይሰጥም።