ወጣት በቀቀንን ለመጀመሪያው የሕክምና ምርመራ ማዘጋጀት፦ ችግርና መፍትሄ

በምርመራ ክፍል ውስጥ የሚታየው የበቀቀን ጩኸት፣ ንክሻና ማለክለክ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ያመጣው አይደለም። ወፉ በአንድ ጠዋት የማያውቀው ሣጥን፣ የማያውቀው ጉዞ፣ የማያውቀው ፎጣና የማያውቀው እጅ ተደራርበውበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቤት ሆኖ ማስለመድ የማይቻለው የሐኪሙን እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ከቀጠሮው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል። በቀቀን ለአዳኝ እንዳይጋለጥ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው፤ በዚያ ላይ ከደነገጠ ሐኪሙ የሚያየው ድንጋጤውን እንጂ ጤንነቱን አይሆንም።

ምልክት፦ ማጓጓዣ ሣጥኑን ሲያይ ይሸሻል

ሣጥኑ ሲቀርብ አንገቱን ያስረዝማል፣ ላባውን ከገላው ጋር ያጣብቃል፤ በእጅ ወደ በሩ ሲያስጠጉት ደግሞ ሁለቱንም እግሮቹን ጠርዙ ላይ ተክሎ አልገባም ይላል። ምክንያቱ በአብዛኛው ሣጥኑ ከጓዳ የሚወጣው በጉዞው ዕለት ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዴ ግን ፍርሃቱ ከሣጥኑ አሠራር ይመጣል፦ ወለሉ ያንሸራትተዋል፣ የሚቆምበት እንጨት የለውም፣ ወይም ውስጡ እጅግ ጨለማ ነው።

መፍትሄው ሣጥኑን የቤት ዕቃ ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ተከፍቶ፣ ወፉ ከኬጁ ሆኖ ሊያየው በሚችልበት ነገር ግን ስጋት በማይፈጥርበት ርቀት ይቀመጥ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠጋ። ወፉ የሚወደው ነገር፣ ለምሳሌ አንድ የሱፍ ፍሬ፣ መጀመሪያ በሣጥኑ ጣሪያ ላይ፣ ቀጥሎ በደጃፉ፣ በመጨረሻም በውስጡ ይሰጠው። ውስጥ ገብቶ ረጋ ብሎ መብላት እስኪጀምር ድረስ በሩ አይዘጋ፤ ሲዘጋም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆኖ ወፉ መውጣት ከመፈለጉ በፊት ይከፈት። ከዚህ በኋላ ሣጥኑን አንስቶ ክፍሉን መዞር፣ የቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም አጭር መንገድ መንዳት ይከተላል። በየትኛውም ደረጃ ላይ ካፈገፈገ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ነው እንጂ መግፋት አይገባም፤ በግድ አንድ ጊዜ የገባ ወፍ የሳምንቱን ልምምድ ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል።

ሣጥኑ ጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆንና በቂ የአየር ማስገቢያ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ካርቶን ለትልቅ በቀቀን ማንቁር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የመቆሚያው እንጨት ዝቅ ብሎ በደንብ ይታሰር። የሚንጠለጠል መጫወቻና የሚፈስ የውኃ ሳሕን ይውጣ፤ በውኃው ምትክ ቁራጭ ፍራፍሬ ይበቃል።

ምልክት፦ በፎጣ ሲያዝ ያለከልካል፣ ይናከሳል

ይህ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነው። ወፎች እንደ አጥቢ እንስሳት ድያፍራም፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላቸውም፤ የሚተነፍሱት የደረት አጥንታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ፣ አየርን በሳንባቸውና በአየር ከረጢቶቻቸው ውስጥ በማሳለፍ ነው። ስለሆነም አፍንጫውና አፉ ክፍት ቢሆኑም ደረቱ ላይ የሚጫን እጅ ወፉን ሊያፍነው ይችላል። ሌላው ምክንያት ፎጣው ከላይ በድንገት መውረዱ ነው፤ ለታዳኝ እንስሳ ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው።

ስለዚህ ፎጣው መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የመጫወቻ ቦታ ይሁን፤ ወፉ ይርገጠው፣ ጠርዙን ይንከሰው፣ በላዩ ላይ ይብላ። ከለመደው በኋላ ጠርዙን ከጎን አንስቶ ጀርባውን ለአንድ አፍታ መንካትና መልቀቅ ይቻላል። እግሩን፣ ክንፉንና ማንቁሩን በየቀኑ በቀስታ መንካትም የምርመራው ግማሽ ልምምድ ነው። አጥብቆ መያዙንና ጭንቅላት መቆጣጠሩን ግን ለሠለጠነው ባለሙያ መተው እመርጣለሁ። ለሐኪሙም አስቀድሞ ወፉ እስከ የትኛው ደረጃ እንደለመደ መንገር ጠቃሚ ነው። ከተለቀቀ በኋላ ማለክለኩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልበረደ ምርመራውን አቋርጦ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ በመንገድ ላይ ያስታውከዋል

በቀቀኖችም የጉዞ ሕመም ይይዛቸዋል፤ አንገት ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የወጣው ምግብ ወደ መተንፈሻው ሊገባም ይችላል። በእጅ የሚመገብ ጫጩት ከምርመራው በፊት ወዲያውኑ መመገብ የለበትም፤ የመጨረሻው ምግብ የሚሰጥበትን ሰዓት ቀጠሮ ሲያዝ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ትንሽ ወፍ የሰውነቱን ጉልበት በፍጥነት ስለሚጨርስ ሌሊቱንና ጠዋቱን ሙሉ ማስራብ ትልቅ ስሕተት ነው። ሣጥኑ በቀበቶ ታስሮ በሦስት ጎኑ ቢሸፈን የሚሮጠውን ውጭ ማየቱ ይቀንስለታል። መኪናው ውስጥ ሲጋራም ሆነ የአየር ጠረን ማሳመሪያ አይኑር። ወፉ የቱንም ያህል የተረጋጋ ቢሆን በትከሻ ላይ ተቀምጦ አይጓዝ።

ምልክት፦ ክሊኒክ ሲደርስ ኩሱ ውኃ ይሆናል

ጤናማ ኩስ ሦስት ክፍል አለው፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነው ጠጣሩ፣ ከኩላሊት የሚወጣው ነጩ ቆሻሻ (ዩሬት) እና ንጹሑ ፈሳሽ። ወፍ ሲጨነቅ የሚበዛው ፈሳሹ ነው። በመሆኑም እዚያ የወጣው ኩስ ብቻውን ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። የኬጁን ወለል ከዋዜማው ጀምሮ በነጭ ወረቀት ሸፍኖ የጠዋቱን ኩስ ይዞ መሄድ፣ የጥቂት ቀናት ፎቶግራፍም መጨመር ችግሩን ይፈታል። ነጩ ክፍል ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ግን ይህ የጭንቀት ውጤት አይደለምና ለሐኪሙ ይነገር።

ምልክት፦ ሐኪሙ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይጠፋል

«ክብደቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?» ለሚለው ጥያቄ ግምት አይበቃም። በየማለዳው፣ ከመጀመሪያው ኩስ በኋላና ከምግብ በፊት፣ በግራም በሚለካ ሚዛን ላይ መመዘንና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሚዛኑ ላይ አጭር መቆሚያ እንጨት ቢደረግ ወፉ በራሱ ይወጣል። ባጀሪጋር የተባለው ትንሹ የበቀቀን ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ከእሱ ከፍ የሚለው ኮካቲል ከ80 እስከ 120፣ የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ደግሞ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የ30 ግራም ወፍ 3 ግራም ሲቀንስ የሰውነቱን አንድ አሥረኛ አጣ ማለት ነው፤ ይህን በዓይን መለየት አይቻልም። መብረር የሚጀምር ጫጩት ክብደቱ ጥቂት መቀነሱ የተለመደ ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው የተጻፈው መዝገብ ነው።

የሚበላው ምግብ ዓይነት፣ የመጣበት ቦታና በቤቱ ያሉ ሌሎች ወፎችም ይጻፉ። ሲታኮሲስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ከቤተሰቡ በቅርቡ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ካለ ማስታወቅ ተገቢ ነው።

ምልክት፦ በመጠበቂያ ክፍል ይደነግጣል

ምክንያቱ ውሻና ድመት ነው። ሣጥኑን መሬት ላይ አለማስቀመጥ፣ መሸፈን፣ ከተቻለም የዕለቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ መያዝ ወይም ተራው እስኪደርስ መኪና ውስጥ አብሮት መቆየት ይበቃል።

ምልክት፦ ከተመለሰ በኋላ ዝም ይላል

ለጥቂት ሰዓታት ይህ ድካም ነው። ጸጥ ባለና ሞቅ ባለ ቦታ፣ የለመደው ምግብ ቀርቦለት ይረፍ፤ በማግስቱ ማለዳ ይመዘን። ጨርሶ ካልበላ ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ወደ ሐኪሙ መደወል ያስፈልጋል።

ልምምድን የማይጠብቁ ምልክቶች

ተቀምጦ ሳለ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጭራው ከፍና ዝቅ ካለ፣ ሳይሮጥና ሳይሞቀው አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም ደም ከፈሰሰው ከላይ የተባለው የሳምንታት ዝግጅት ሁሉ ይቆያል። ወፉ ሣጥኑን ለመደም አልለመደም በትንሹ ተነክቶ ይገባል፤ ሣጥኑ ይሞቃል፣ በቀላል ጨርቅ ይሸፈናል፤ በመንገድ ላይ ሳለም ክሊኒኩ ኦክስጅን አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ይደወልለታል።