አሮጌ የፊልም ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት የሚፈትሹት

የፊልም ካሜራ ገበያ ዲጂታል ካሜራ ከተስፋፋ ወዲህ እጅግ ጠቧል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2006 አብዛኞቹን የፊልም ካሜራዎቹን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ፊልም አምራቹ ኮዳክም በ2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ስለዚህ ዛሬ ሐዋሳ ላይ ለሽያጭ የሚቀርብልዎ የፊልም ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤት ቁም ሣጥን የወጣ፣ ዋስትና የሌለውና መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ስለሚሆን፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ሊፈትሹት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጀርባውን ክዳን አይክፈቱ። ፊልሙን መልሶ የሚጠቀልለውን እጀታ በቀስቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ያዙሩት፤ ጥቂት ዞሮ ከከበደዎ ውስጡ ፊልም አለ ማለት ነው። የፊልሙን መልቀቂያ ቁልፍ ተጭነው እስኪላላ ድረስ ከጠቀለሉት በኋላ ብቻ ይክፈቱ፤ ያገኙትንም ፊልም ለባለቤቱ ይመልሱለት። ሳይታጠብ የቀረ ፊልም ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ፊት ሊኖር ይችላልና።

በእኛ ከተማ ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው ሌንሱ ነው። የአባቴ ዜኒት የተባለ የሶቪየት ካሜራ ከነቆዳ ቦርሳው ሐይቁን በሚያይ መስኮት አጠገብ ለብዙ ክረምት ተቀምጦ ስለነበር፣ በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ አብቅሏል፤ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዤ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ከፍተው በአንድ በኩል የስልክ መብራት ያብሩና በሌላው በኩል ይመልከቱ። የላዩ አቧራ ይጠረጋል፤ ወደ ውስጥ የገባው ሻጋታ ግን የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ፣ ድሩን ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ባይገዙት ይሻላል። የገዙትንም ከቆዳ ቦርሳው አውጥተው እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር በሚገጠም ዕቃ ያስቀምጡ።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጀርባውን ከፍተው መዝጊያውን (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን ክፍል) በየፍጥነቱ ያስነሱት፤ የጨርቅ መዝጊያ ከሆነም ወደ ብርሃን አዙረው ቀዳዳ እንደሌለው ይዩ። የባትሪውን ቤት ዝገት እንዳይኖረው ይመልከቱ፤ ዜኒት-ኢ የተባለው ሞዴል ግን ያለ ባትሪ ይሠራል።

ፊልም ከመግዛትዎ በፊት የት እንደሚያሳጥቡት ይጠይቁ፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ገደማ በጥንቃቄ መታጠብ ያለበት ሲሆን፣ ጥቁርና ነጩ በ20 ዲግሪ አካባቢ ስለሚታጠብ ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ሊያጥበው ይችላል፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥቅል ብቻ ገዝተው ጠዋት በፍቅር ሐይቅ ዳር ያንሱበት፤ ከታጠበ በኋላ ነጋቲቩ (የታጠበው ፊልም) ዳር ላይ ጥቁር ጭረት ካዩ፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ አርጅቶ ብርሃን እያስገባ ስለሆነ እሱን ያስቀይሩ።