ወላጆቻችን እንዳይወድቁ፦ የሰውነት ሚዛንን በቤት ውስጥ እንዴት ማለማመድ ይቻላል?

ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ ለእናት ለአባታቸው የሚሰጡት የመጀመሪያ ክብር ማስቀመጥ ነው። «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ አለን» ይባላሉ። ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ቡና ይፈላላቸዋል፣ በር ሲንኳኳ ሌላ ሰው ይነሣል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ የሚያስከትለው ግን ጉዳት ነው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው የጭኑ ጡንቻ እየመነመነ፣ ቁርጭምጭሚቱ እየደረቀ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲያመሩ ይወድቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከሁሉም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በሌላ በኩል ከ100 በላይ ጥናቶችን የመረመረና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ፣ የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሐዋሳ በሚገኘው ግቢያችን ከእናቴና ከጎረቤት አረጋውያን ጋር የምንሠራውን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የሚያስፈልገው ከባድ ወንበር፣ ግድግዳና ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የወደቀ፣ ሲነሣ ዓይኑን የሚያጨልመው፣ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳይመረመር አይጀምር። የደም ግፊታቸው ተኝተው ከተለካ በኋላ ቆመውም እንዲለካ ጠይቁ። ከቆሙ በኋላ ባሉት 3 ደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒታቸው መታየት አለበት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የእንቅልፍና የግፊት መድኃኒቶች ለመውደቅ ያጋልጣሉ። ዓይናቸውንም አስመርምሩ፤ ሞራ ያለበት ዓይን ደረጃን በትክክል አያይም። የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ የእግራቸው ስሜት ይፈተሽ። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮና ከእግር በሚመጣ ስሜት ስለሆነ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ላይ ጫናው ይበረታል።

በጾም ወቅት ልምምዱን ምግብ ከቀመሱ በኋላ አድርጉት። ባዶ ሆድ ላይ ማዞር ይበዛል።

ቦታውና ጫማው

የፕላስቲክ ወንበር አልወድም። ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ሰው ሲደገፍበትም ይተጣጠፋል። መደገፊያ ያለው ከባድ የእንጨት ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አስቀምጡ። ሸበጥ ይውለቅ፤ ተረከዝን የሚይዝ፣ ሶሉ ቀጭንና የማያንሸራትት ጫማ ይሁን። ምንጣፉን ጠቅልሉት። በዓል ከሆነና ወለሉ ላይ ቄጤማ ከተጎዘጎዘ የዚያን ቀን ልምምዱ በረንዳ ላይ ይሁን።

ያሉበትን ደረጃ ማወቅ

አራት አቋቋሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ለ10 ሰከንድ ነው። አንደኛ ሁለቱን እግሮች ገጥሞ መቆም። ሁለተኛ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት አሳልፎ መቆም። ሦስተኛ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ በአንድ መስመር መቆም። አራተኛ በአንድ እግር መቆም። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ መያዝ ያልቻለ ሰው የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ልምምዱም የሚጀመረው ከከበዳቸው አቋቋም ነው፤ የቀለላቸውን መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው።

እጅን ከድጋፉ ማላቀቅ

ብዙ ቤተሰብ ልምምዱን ጀምሮ ለውጥ የማያየው እዚህ ላይ ነው። አረጋዊው ወንበሩን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ በአንድ እግር ግማሽ ደቂቃ ይቆምና ሁሉም ያጨበጭባል። በእውነት የቆመው ግን በክንዱ ነው። የእግር ጡንቻና አንጎል ሚዛንን እንደገና የሚማሩት ሰውነት ትንሽ ሲወዛወዝና ራሱን ሲያርም ነው። ያልተወዛወዘ ሰው አልተለማመደም።

ስለዚህ እጁ ቀስ በቀስ ይላቀቅ። መጀመሪያ በሁለት እጅ መያዝ፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ መዳፍን ሳይጨብጡ ማሳረፍ ብቻ። ቀጥሎ ሁለት ጣት፣ በመጨረሻም መዳፉ ከወንበሩ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ አየር ላይ ይቆያል። ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው የምናልፈው ያለፈውን ለ10 ሰከንድ ያለ ችግር ሲይዙት ነው። አንዳንዱ በሳምንት ያልፋል፣ አንዳንዱ አንድ ደረጃ ላይ ወር ይቆያል። አትቸኩሉ፣ ግን እዚያው አትተዉአቸው።

የእናቴ እጅ ሲላቀቅ እግራቸውን ነበር የማየው። ጣቶቻቸው ወለሉን ለመያዝ እንደሚፈልጉ ሁሉ ይታጠፋሉ፤ ከቁርጭምጭሚታቸው ፊት ያለው ጅማት ይወጠራል፣ ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል። ይህ መንቀጥቀጥ ሲያዩት ያስፈራል። እጃችሁን ሰድዳችሁ ለመያዝ ትቸኩላላችሁ። ታገሡ፤ የምንፈልገው ሥራ ያ ነው። የምታቆሙት ሰውነታቸው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብልና እግራቸው ሲነሣ፣ ወይም እስትንፋሳቸውን ሲይዙ ነው።

ረዳቱ የሚቆምበት ቦታም ወሳኝ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት እጃቸውን መያዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰውየው ወደ ኋላ ሲወድቅ ረዳቱን ይጎትታል። ከኋላና ከጎን፣ በደካማው ወገን ቁሙ። ክንዳቸውን አትያዙ፤ በድንገት ሲወድቁ ትከሻቸው ሊጎዳ ይችላል። እናቶች መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ከታጠቁ ጥሩ መያዣ ይሆናል፤ ለአባቶች ሰፊ ቀበቶ ይበቃል። እጃችሁ መቀነቱን ይንካ እንጂ ወደ ላይ አይሳብ። ከሳባችሁ እንደገና እናንተ ናችሁ የቆማችሁላቸው።

«እወድቃለሁ» ሲሉ አትሳቁ፣ «አይዞዎት ምንም አይሆኑም» ብላችሁም አትለፉት። ፍርሃቱ ራሱ እንቅስቃሴን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጉልበት ይደክማል፣ ጉልበት ሲደክም መውደቅ ይቀርባል። ወንበሩን ማዕዘን ላይ አድርጉት፤ ከኋላና ከጎን ግድግዳ ሲኖር እጅ በቶሎ ይላቀቃል።

ከወንበር መነሣት፣ የባት ጡንቻ፣ ወደ ጎን መራመድ

ከወንበር ሲነሡ ተረከዝን ወደ ኋላ ሳብ፣ አፍንጫን ወደ ፊት ከጣት በላይ ማድረስ፣ ከዚያ መነሣት። ሲቀመጡ ዱብ አይበሉ፤ ዝግ ብለው ይውረዱ። 10 ጊዜ ይበቃል። በእጅ ሳይገፉ መነሣት ካቃታቸው ትራስ ጨምራችሁ ወንበሩን ከፍ አድርጉት። ዱካ ላይ የሚቀመጡ እናቶች ግን ከዱካው እንዲነሡ አትጠይቁ፤ እሱ በጣም በኋላ የሚመጣ ነው። በጣት መቆም፣ በተረከዝ መቆም፣ በግድግዳ ዳር ወደ ጎን መራመድ፤ እነዚህ ማብራሪያ አይፈልጉም።

በኒው ዚላንድ የተዘጋጀውና «ኦታጎ» የሚባለው የቤት ልምምድ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደትም ይጠቀማል። መግዛት አያስፈልግም፤ በጨርቅ የተሰፋ አሸዋ በግማሽ ኪሎ መጀመር ይቻላል። በዚያ ልምምድ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ይሠራል፣ የእግር ጉዞም ይጨመርበታል። ግማሽ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ሊከፈል ይችላል። ሲተዉት ግን ጥቅሙም ይጠፋል።

ከቤት ውጭ

ጠዋት በሐይቁ ዳር የሚራመዱ አባቶችን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለልብ ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ በእግር መሄድ ብቻውን ግን ከመውደቅ እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም። እንዲያውም አቅሙ የደከመ ሰው ሚዛኑን ሳያለማምድ ኮብልስቶን ላይ ፈጥኖ ሲሄድ የባሰ ሊወድቅ ይችላል። መራመዱን ከሚዛኑ ልምምድ ጋር አያይዙት። በመንገድ ላይ ቆም ብሎ ወደ ኋላ መዞር፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መውጣትና መውረድ ይጨመርበት። እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ መውጣትን ለጉብዝና ማሳያ አታድርጉት።

ባጃጅ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንድ እግር አስገብቶ በሌላው እየተንጠለጠሉ መግባት አደጋ አለው። በጀርባ ዞሮ መቀመጫው ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ እግሮችን ማስገባት። ሲወርዱ ሁለቱም እግሮች መሬት ሳይነኩ አይነሡ፤ ሹፌሩም ሞተሩን እንዲያጠፋ ንገሩት።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አረጋውያን መቋሚያ ተደግፈው ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። ለአጭር ጊዜ መቋሚያውን ቀለል አድርገው በመያዝ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ይችላሉ። ስግደት ያልተዉ፣ ሶላት የሚሰግዱም ከወለል መነሣትን በየቀኑ ይለማመዳሉ። ጉልበታቸው እስከቻለ ድረስ «ይቅርብዎ» አትበሏቸው።

ቢወድቁስ?

ይህንን ሳይወድቁ በፊት ፍራሽ ላይ አለማምዱ። መጀመሪያ ዝም ብለው ይተኙና የሚያማቸውን ያድምጡ። ካላመማቸው በጎናቸው ይገልበጡ፣ ከዚያ በእጅና በጉልበት ይሁኑ፣ ወደ ወንበሩ ይዳሁ። ሁለት እጃቸውን መቀመጫው ላይ አድርገው፣ የጠነከረውን እግር ወደ ፊት አምጥተው ይግፉ፣ ዞረው ይቀመጡ። ወዲያው አይራመዱ።

ዳሌያቸው ወይም ብሽሽታቸው በጣም ካመማቸው፣ አንደኛው እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ አታንሷቸው፤ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ደህና ቢመስሉም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታዩ።