ሙቀጫው ጮሆ ንግግሩ ለማይሰማ ቅጂ

ጅማ ውስጥ ቡና እየተወቀጠ በስልክ የሚቀዳ ጨዋታ አንድ ችግር አለው። ንግግሩ ዝቅ ይላል፣ ሙቀጫው ጆሮ ይበሳል። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አስገብታችሁ «ኖርማላይዝ» ብትሉትም ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። ኖርማላይዝ የሚያየው ከፍተኛውን ጫፍ ብቻ ነዋ! አንዲት የዘነዘና ምት ጣሪያውን ከነካች ንግግሩ ከፍ የሚልበት ቦታ አያገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምቶቹን ዝቅ አድርጉ። ሞገዱ ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብለው ስለሚታዩ ለማግኘት አይከብዱም። ምቱን ብቻ መርጣችሁ በ«አምፕሊፋይ» 10 ዴሲቤል ያህል ቀንሱ። ብዙ ከሆኑ ከተወሰነ ልክ በላይ የሚወጣውን ድምፅ የሚገታው «ሊሚተር» ይቀላል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጂ በ«ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» ወደ -16 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) አምጡት። ይሄኛው ጫፍን ሳይሆን ጆሯችን የሚሰማውን አማካይ ጩኸት ነው የሚለካው። ሕርማታ ገበያ የተቀዳውና ሳሎን ውስጥ የተቀዳው ተቀራርበው ይሰማሉ። በመጨረሻ ሊሚተሩን -1 ዴሲቤል ላይ አድርጋችሁ አንዴ አሳልፉት፤ ከፍ ሲል አልፎ የወጣ ጫፍ ካለ ይይዝላችኋል።

ልብ በሉ፣ ንግግሩ ሲጨምር ከጀርባው ያለውም አብሮ ይጨምራል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የተቀዳ ከሆነ ዝናቡም ይጎላል። እዚያ ላይ ስልኩን ወደ ተናጋሪው አፍ ማስጠጋት ይበልጣል። ሲቀዳ የተሰነጣጠቀ ድምፅም በዚህ አይድንም። የአንድ አልበም ዘፈኖችን ደግሞ ለየብቻ እንዲህ አታስተካክሉ፤ ለስለስ ያለው ዘፈን ለስላሳነቱን ያጣል።